ሳያስቡ በሰው ገንዘብ ላይ ስለሚደርስ ጥፋት

ሰው በሌላው ሰው ገንዘብ ላይ ጥፋት ሲያደርስ ከአፉ አስቀድሞ የሚወጣው ቃል «ሳላስበው ነው» የሚል ነው። ቃሉ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን እውነት መሆኑ ብቻ የተሰበረውን አይጠግንም፤ የፈሰሰውንም አያፍስም። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይኸው ነው። በገበያ፥ በመንገድ፥ በቤተ ክርስቲያን ቅጽርና በእንግዳ ማረፊያ፥ ማንም ክፉ ሳያስብ የአንድ ሰው ዕቃ ቢሰበር፥ ቢቃጠል ወይም ቢበላሽ፥ ኪሣራው በማን ላይ ሊወድቅ ይገባል? ነገሩ ለሚሰማው ትንሽ ይመስላል። ዳሩ ግን ታላቅ ጠብ ብዙ ጊዜ ከታናሽ ነገር እንደሚነሣ በችሎት የተቀመጡት ዳኞችም፥ የሰውን ኑዛዜ የሚሰሙት የነፍስ አባቶችም ያውቁታል።

ነገሩ እንዲገለጥልን አንድ ምሳሌ ከደቡብ ጎንደር እንውሰድ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ጎዳና ላይ፥ በሊቦ ከምከም ወረዳ፥ የአዲስ ዘመን ከተማ ትገኛለች። ከከተማይቱ አጠገብ በተራራው ላይ በጽድና በወይራ ደን የተከበበው ጣራ ገዳም አለ። ወደ ገዳሙ የሚወጣው ምእመን፥ ወደ ገበያ የሚወርደው ገበሬ፥ እህል የጫነው አህያና መንገደኛ የሞላበት አውቶቡስ ሁሉ በዚህ አካባቢ ይተላለፋሉ። እንግዲህ እንዲህ ባለ ስፍራ አንዲት ሸክላ ሠሪ እንስራዋንና ምጣድዋን፥ ድስትዋንና ጀበናዋን በመሬት ላይ ደርድራ ተቀምጣለች እንበል። ጭነት የያዘ አህያ በመኪና ጥሩምባ ደንብሮ በዕቃው መካከል ያልፋል። ባለ አህያው ገመዱን ይዞ ነበር። ባለ መኪናውም ጥሩምባውን የነፋው ሰው እንዳይገጭ ብሎ ነው። በዚህ ሁሉ ክፉ ያሰበ ሰው አንድም አይገኝም፤ ነገር ግን አምስት እንስራ ተሰብሮ በመሬት ላይ ተበትኗል።

አምስት እንስራ ምንድን ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ ሸክላ እንዴት እንደሚሠራ ይመልከት። ሴቲቱ ጭቃውን ከሩቅ ስፍራ ቆፍራ በጀርባዋ ተሸክማ ታመጣለች፤ ታደርቀዋለች፤ ትወቅጠዋለች፤ ትነፋዋለች፤ በውኃም ታቦካዋለች። ከዚህ በኋላ በእጅዋ እያዞረች ታንጸዋለች፥ በድንጋይ ትደመድመዋለች፥ በጥላም ታደርቀዋለች፥ በመጨረሻም በእንጨትና በኩበት እሳት ትተኩሰዋለች። በእሳቱ ውስጥም የሚሰነጠቅባት አለ። ከዚያ የተረፈውን ተሸክማ ገበያ የምትወጣው ጨውና በርበሬ፥ ለልጆችዋም እህል ልትሸምት ነው። ስለዚህ የተሰበረው ሸክላ ብቻ አይደለም፤ የብዙ ቀን ድካምና የሳምንት እንጀራ ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ በዙሪያው የሚሰበሰበው ሰው ሁለት ዐይነት ፍርድ ሲሰጥ ይሰማል። አንደኛው ወገን «እንስሳ ነው፥ ምን ይደረጋል፤ ከላይ የታዘዘ ነው» ብሎ ባለ አህያውን ያሰናብታል። ሌላው ወገን ደግሞ ሰውዬውን እንደ ወንበዴ ቈጥሮ ይሰድበዋል፤ ሊደበድበውም ይነሣል። ፊተኛው ኀጢአት ስለሌለ ዕዳም የለም አለ፤ ኋለኛው ዕዳ ስላለ ኀጢአትም አለ አለ። ሁለቱም ስተዋል፤ ኀጢአትና ዕዳ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። ኀጢአት የሚመዘነው በልብ አሳብ ነው፤ ዕዳ ግን የሚቈጠረው በጠፋው ገንዘብ ነው። «ሳላስበው ነው» የሚለው ቃል ሰውን ከቅጣትና ከነቀፋ ያድነዋል፤ ከመክፈል ግን አያድነውም።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዕቃው አንድ ጊዜ ከተሰበረ በኋላ ኪሣራው የግድ በአንድ ሰው ላይ ይወድቃል። ባለ አህያው አይክፈል ማለት ሴቲቱ ትክፈል ማለት ነው። ታዲያ አህያውን ወደ ገበያ ያመጣው፥ በጭነቱም የሚጠቀመው ማነው? እርስዋ በስፍራዋ ተቀምጣ ነበር። ጥቅሙን የሚወስድ ሰው ከዚያው ነገር የሚመጣውን ጉዳት መሸከም ተገቢ ነው።

ይህ አሳብ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ነገር እንዳይመስለን ወደ ኦሪት እንመለስ። በኦሪት ዘጸአት በ21ኛውና በ22ኛው ምዕራፍ ስለዚህ ነገር የተጻፈው ሥርዐት ለሊቃውንቱ የታወቀ ነው። ጕድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፥ የሌላው በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት ዋጋውን እንዲከፍል ታዟል። እሳት ያነደደ ሰውም፥ እሳቱ በእሾህ ተያይዞ የሌላውን ክምር ወይም ያልታጨደ እህል ቢያቃጥል እንዲከፍል ታዟል። በነዚህ በሁለቱ ሕጉ ክፉ አስበህ ነበርን ብሎ አይጠይቅም። የአንዱ ሰው በሬ የሌላውን በሬ ወግቶ ቢገድል ግን በሬው ቀድሞ ተዋጊ መሆኑ ይመረመራል። የማይታወቅበት እንደሆነ በሕይወት ያለው በሬ ተሽጦ ባለቤቶቹ ዋጋውን ይካፈላሉ፤ የሞተውንም ይካፈላሉ። ባለቤቱ የበሬውን ጠባይ እያወቀ ሳይጠብቀው ቀርቶ እንደሆነ ግን ሙሉ በሬ ይከፍላል። እንግዲህ ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው ድንገተኛ ነገር ቢሆንም ኪሣራው በአንድ ወገን ብቻ ተጥሎ የማይቀር መሆኑ ነው። ሁለተኛው አደጋ የሚያመጣ ነገር መያዙን ያወቀ ሰው ካላወቀው ይልቅ የሚጠየቅ መሆኑ ነው።

በአገራችን ለብዙ ዘመን የፍርድ መሠረት ሆኖ የቆየው ፍትሐ ነገሥትም በ51 አንቀጽ የተከፈለ ሆኖ፥ 22ቱ ስለ መንፈሳዊ፥ 29ኙ ስለ ሥጋዊ ነገር ይናገራል። መንፈሳዊውና ሥጋዊው በአንድ መጽሐፍ መጠረዛቸው፥ ንስሓ የገባ ሰው ዕዳውንም መክፈል እንዳለበት ለማስታወስ የተመቸ ነው።

በሌሎችም አገሮች ስለዚህ ነገር ጥንቱን ታስቧል። በሮም ከተማ ቤቶቹ ፎቅ ስለነበሩ፥ ከላይ የተደፋ ውኃ ወይም የተጣለ ዕቃ በመንገደኛው ላይ ይወርድ ነበር። ማን እንደ ደፋው ማወቅ አስቸጋሪ በሆነ ጊዜ፥ በቤቱ የሚኖረው ሰው በመንገደኛው ገንዘብ ላይ የደረሰውን ጉዳት ዕጥፍ አድርጎ እንዲከፍል የሮም ዳኞች ደነገጉ። ከመስኮቱ በታች ያለፈው ሰው ደፊውን ሊያውቅ አይችልም፤ የቤቱ ባለቤት ግን በቤቱ ያለውን ሰው ያውቃል፤ ሊከለክለውም ይችላል።

በእኛም አገር ከዚህ ጋራ የሚመሳሰል ልማድ ነበረ። አንድ ሰው ገንዘቡ ተሰርቆ ወይም ተቃጥሎ አጥፊው ያልታወቀ እንደሆነ፥ የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ የሚያውቀውን እንዲያወጣ ይደረግ ነበር። ይህም አፈርሳታ ወይም አውጫጪኝ ይባላል። አጥፊው ካልተገኘ ኪሣራውን አገሩ ተካፍሎ የሚከፍልበት ጊዜ ነበረ። ልማዱ ንጹሑን ሰው ከእርሻው አውሎ የሚያስቀር ስለሆነ ጕድለት ነበረበት፤ ቢሆንም የተጐዳውን ሰው ብቻውን አልተወውም። ደግሞም በመንገድ ላይ ጠብ የተነሣ እንደሆነ ባለ ጉዳዮቹ «በሕግ አምላክ» ተባብለው፥ ያገኙትን አላፊ አግዳሚ የመንገድ ዳኛ አድርገው፥ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ይሟገቱ ነበር። ዳኝነቱ ጥፋቱ በደረሰበት ስፍራ፥ ስብርባሪው ገና ሳይነሣ፥ ምስክሩም ሳይበተን ይጀመር ነበርና ጥቅሙ ታላቅ ነበር።

ዛሬ የምንመራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ የወጣው ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ መምህር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ከውል ውጭ ስለሚመጣ ኀላፊነት የሚናገረው ክፍል በቍጥር 2027 ይጀምራል። በዚህ ሕግ በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ካሣ የመክፈል ግዴታ አለበት። ጥፋት የሚባለውም ሆን ተብሎ የተደረገው ብቻ ሳይሆን በቸልተኝነት የመጣውም ነው። ነገር ግን ሕጉ በዚህ ብቻ አልቆመም። ጥፋት ሳይኖር እንኳ ሰው የሚጠየቅባቸውን ነገሮች ለይቶ ጽፏል፤ እነዚህም ባለ ሥልጣኖችና ካህናት ሊያውቋቸው የሚገቡ ናቸው።

በቍጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት፥ እንስሳው ድንገት ቢያመልጠውም፥ ጉዳቱም አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም፥ ይጠየቃል። በቍጥር 2073 ግን፥ የቤት እንስሳ የሆነ እንደሆነ፥ ባለቤቱም ራሱ ያላጠፋ እንደሆነ፥ እንስሳውን ለተጐዳው ሰው አሳልፎ በመስጠት ከዕዳው ሊድን ይችላል። በቍጥር 2077 ሕንፃው ጉዳት ያደረሰ እንደሆነ ባለ ሕንፃው ይጠየቃል። በቍጥር 2080 ከሕንፃ ላይ ለወደቀ ዕቃ በሕንፃው የሚኖረው ሰው ይጠየቃል፤ ይህም የሮሞቹን ሥርዐት ያስታውሰናል። በቍጥር 2081 የመኪና ባለቤት፥ መኪናውን ያለ ፈቃዱ ሌላ ሰው ቢነዳውም እንኳ ይጠየቃል፤ መኪናው ተሰርቆበት እንደ ነበረ ያስረዳ እንደሆነ ግን ይድናል። አካለ መጠን ላላደረሰ ልጅ በቍጥር 2124 አባት ይጠየቃል። ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ ላጠፋው በቍጥር 2130 አሠሪው ይጠየቃል። ካሣ የሚጠይቅ ሰው ግን ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ክስ ማቅረብ ይገባዋል።

እንግዲህ የሸክላ ሠሪዋን ነገር በዚህ ሚዛን ብንመዝነው፥ አስቀድሞ የሚጠየቀው ባለ አህያው ነው። ባለ መኪናው ያለ አግባብ አስደንብሮ እንደሆነ እርሱም ይጠየቃል፤ ሰው ለማዳን እንደሆነ ግን ጥፋት የለበትም። ሦስተኛውም ጥያቄ አለ፤ እርሱም ሴቲቱ ሸክላዋን የደረደረችው ወዴት ነው የሚል ነው። ለገበያተኛ በተለየው ስፍራ ከሆነ ሙሉ ካሣ ይገባታል። ለአህያና ለመኪና መተላለፊያ በተተወው መንገድ መካከል ከሆነ ግን ከጉዳቱ ከፊሉን ራስዋ አምጥታዋለች። የተጐዳው ሰው ራሱ ያጠፋ እንደሆነ የሚከፈለው ካሣ በዚያው ልክ እንዲቀነስ ሕጉ በቍጥር 2098 ያዛል። ዕቃውን በአደባባይ የሚያኖር ሰው መጠበቅም ግዴታው መሆኑን ማወቅ ይገባዋል።

ካሣውም ከጉዳቱ ጋራ የተካከለ መሆን አለበት። አሮጌ ጃንጥላ የተሰበረበት ሰው አዲስ ጃንጥላ ከነ ትርፉ ልቀበል ቢል ፍርድ አይደለም። ሕግ የተሠራው የተጐዳውን ወደ ነበረበት ለመመለስ ነው እንጂ፥ በአደጋው ለማበልጸግ አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ ደብረ ታቦር እንለፍ። ይህች ከተማ በስምዋ የምትጠራበትን በዓል በነሐሴ 13 ቀን በታላቅ ደስታ ታከብራለች። ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ይጨፍራሉ፤ ሙልሙል ይቀበላሉ፤ ጅራፍ ያጮኻሉ፤ በዋዜማውም ምሽት ችቦ ይበራል። የጅራፉ ድምፅ በደብረ ታቦር ተራራ የተሰማውን ድምፅ፥ ችቦውም የበራውን ብርሃን እንደሚያስታውስ አባቶች ያስተምራሉ። ነገር ግን የጅራፉ ጫፍ የጎረቤትን መስተዋት፥ የችቦውም ፍንጣሪ የሣር ክዳን ወይም የገለባ ክምር ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ በዓሉ ይቅር አንልም፤ እንዲህ የሚልም ሰው አይገኝም። የምንለው አባት ልጁን በጅራፍ ሲያሰልፍ ጅራፉ የሚጮኽበትን ገላጣ ስፍራ ያሳየው ነው። ጥፋትም የደረሰ እንደሆነ «ልጅ ነው» ብሎ በሩን አይዝጋ። ልጁን ይዞ ሄዶ ዕዳውን በፊቱ ቢከፍል ለልጁ ታላቅ ትምህርት ይሆነዋል።

በቤተ ክርስቲያንም ውስጥ ይህን የሚመስል ነገር አለ። በትንሣኤ ሌሊት ሕዝቡ ጧፍ አብርቶ ተጨናንቆ ሲቆም፥ ሰሙ በጎረቤት ነጠላ ላይ ይንጠባጠባል፤ እሳቱም ጥበቡን የሚበላበት ጊዜ አለ። በደጀ ሰላሙም የወለቀው ጫማ ይለዋወጣል፤ በዘንግና በጃንጥላ ላይም ሰው ይቆማል። በተቀደሰ ስፍራ የደረሰ ነገር ነው ተብሎ ዕዳው አይቀርም። ጸሎቱን ፈጽሞ ሲወጣ የጎረቤቱን ነጠላ ያቃጠለ ሰው ስሙንና ሰፈሩን ነግሮ፥ ዋጋውን ቢከፍል ወይም ቢያስጠግን፥ ያን ሌሊት የተማረውን በሥራ ገለጠ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ካህናትና ሽማግሎች አጥብቀው ሊያስቡት የሚገባ አንድ ነገር አለ። እንዲህ ያለ ጥፋት ሲደርስ አጥፊው ባለጸጋ ወይም የተከበረ ሰው፥ የተጐዳችውም ድኻ የሆነች እንደሆነ፥ በአጠገቡ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እርስዋ አዙሮ «ይቅር በዪ፤ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ተዪው» ይላታል። እርስዋም ሰው ፊት አፍራ ትተወዋለች። ይቅርታ ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ይቅርታ ገንዘቡ የጠፋበት ሰው በፈቃዱ የሚሰጠው ስጦታ ነው እንጂ፥ ምንም ያልጠፋበት ሰው በሌላው ገንዘብ የሚቸረው አይደለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፥ አፏ ይቅር ያለ ሴት ማታ ልጆችዋ ሲራቡ ልብዋ አይረሳውም። ስለዚህ ሽማግሌ አስቀድሞ ዕዳውን ይቍጠር፤ አጥፊው ልክፈል ይበል፤ ከዚህ በኋላ ባለ ገንዘቧ ከወደደች ትማረው። ሥርዐቱ እንዲህ የሆነ እንደሆነ ይቅርታውም እውነተኛ ይቅርታ ይሆናል።

ስለ እንግዳ ማረፊያና ስለ ሆቴል ደግሞ ጥቂት እንናገር። በብዙ ቤቶች ግድግዳ ላይ «ለሚጠፋ ወይም ለሚበላሽ ዕቃ ኀላፊነት አንወስድም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ይታያል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ እንግዳው እንዲጠነቀቅ የሚያስታውስ በመሆኑ መልካም ነው። ነገር ግን ባለቤቱ በወረቀት ላይ ስለ ጻፈ ብቻ ከሕግ በላይ የሚሆን አይምሰለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፥ እንግዳው ይዞት ስለ ገባው ዕቃ በተወሰነ ልክ ተጠያቂ እንዲሆን አድርጓል። መንገደኛ ዋጋ ከፍሎ የሚያድረው ጣራና ግድግዳ ብቻ ሽቶ አይደለም፤ ዕቃውን አስቀምጦ ያለ ሥጋት ሊተኛም ነው።

በመጨረሻ ወደ መንግሥት ሠራተኞች እንመለስ፤ ከሌላው ሰው ይልቅ ለአደባባይ አሳቢ መሆን የሚገባቸው እነርሱ ናቸውና። ለውኃ መስመር ወይም ለመንገድ ሥራ ቦይ ተቆፍሮ፥ ሳይከደንና ምልክት ሳይደረግበት ያደረ እንደሆነ፥ በሌሊት የሚያልፈው ነጋዴ ከነጭነቱ ይወድቅበታል፤ ጨውና ስኳሩም በጭቃ ይቀልጣል። በማግሥቱ ወደ ጽሕፈት ቤት ቢሄድ አንዱ ሹም ወደ ሌላው ይልከዋል፤ ሌላውም ወደ ሥራ ተቋራጩ ይመልሰዋል። ኦሪት ጕድጓዱን ያልከደነ ይክፈል ያለችው ለገበሬ ብቻ ነውን? የፍትሐ ብሔር ሕጉም በቍጥር 2126 ሹም ወይም የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት እንዲከፍል፥ ጥፋቱም የሥራ ጥፋት የሆነ እንደሆነ የተጐዳው ሰው ካሣውን ከመንግሥት ሊጠይቅ እንዲችል ያዛል። መንግሥት ዕዳውን ሲከፍል ክብሩ አይቀንስም። ነጋዴው ባለ አህያውን ከሶ ካሣ አግኝቶ፥ መንግሥትን ከሶ ግን የሚሰማው ያጣ እንደሆነ ያን ጊዜ ሕዝቡ ሕግ ለደካማ ብቻ የተሠራ ይመስለዋል። ከእንስራና ከጨው ይልቅ የሚያስፈራው ጥፋት ይህ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኛ ሦስት ነገር እናመለክታለን። አንደኛ፥ የከተማ ሹማምንት በገበያ ውስጥ የእንስሳና የመኪና መተላለፊያን ከተቀማጩ ገበያተኛ ይለዩ፤ ሸክላና ብርጭቆ የመሰለውን ተሰባሪ ዕቃ ራቅ ባለ ስፍራ ያስቀምጡ። አደጋውን አስቀድሞ መከልከል ከካሣ ይሻላልና። ሁለተኛ፥ ለትንሽ ገንዘብ ሩቅ ችሎት መመላለስ ከዕዳው የበለጠ ኪሣራ ስለሆነ፥ በገበያ ቀን የታመኑ ሽማግሎች፥ ከነርሱም ጋራ ዋጋ የሚገምት ባለሙያ በስፍራው ይገኙ። የዕቃውን ዐይነት፥ የምስክሮቹን ስምና የተስማሙበትን ዋጋ በጽሑፍ ያኑሩ። በዚህ ያልተስማማ ወደ ዳኛ ይሂድ። ሦስተኛ፥ ካህናት በስብከታቸው፥ መምህራንም በትምህርት ቤት፥ ሳያስቡ ማጥፋት ወንጀል እንዳልሆነ፥ አጥፍቶ ዝም ብሎ መሄድ ግን ነውር መሆኑን ያስተምሩ።

በዕቃ መካከል የማይመላለስ ሰው የለም፤ ዛሬ የሰበረ ነገ ይሰበርበታል። ስለዚህ «ሳላስበው ነው» ብሎ የጀመረ ሰው በዚያው አያቁም። «ሳላስበው ነው፤ ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ይጨርስ። ይህች ሁለተኛይቱ ቃል በገበያችንና በመንገዳችን፥ በቅጽራችንና በጽሕፈት ቤታችን የተለመደች እንደሆነ፥ ብዙ ክስ ሳይጻፍ፥ ብዙ ጠብም ሳይነሣ ይቀራል።